የአንካሳዋ ወፍ መስኮት

ሶልተርኔስ፣ ሴፕቴምበር 4

ለእህቴ ልጅ ለብራዮኒ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴም ደህና ነው፤ እናትሽ ስለ ጉልበቴ የነገረችሽ ሁሉ የተጋነነ ነው። ስልክህን ለምን አታነሳም ላልሽው፣ ስልኩ ባለፈው ወር ቢራ ውስጥ ገብቶ አርፏል። አሟሟቱ መጥፎ አልነበረም፤ ለእናትሽ ግን እንዳትነግሪያት። ደግሞ ደብዳቤ ይሻለኛል፤ ደብዳቤ ስጽፍ መሃል ገብቶ የሚያቋርጠኝ ሰው የለም።

ዛሬ የምጽፍልሽ ትልቅ በደል ደርሶብኝ ነው። ቢራዬ ሁለት ጣት እየጎደለ ይመጣል።

አትሳቂ። አንካሳዋ ወፍ ከሚባለው መጠጥ ቤታችን ከታገድኩ አስራ አንድ ዓመት እንደሞላኝ ታውቂያለሽ። ባለቤቲቱ ዊኒ ያን ጊዜ ጣቷን ቀስራ «ሁለተኛ ይህን ደፍ አትረግጥም» አለችኝ፤ እኔም ሰው ነኝና አልረገጥኩም። ከመስኮቱ ሥር ያለው አግዳሚ ወንበር ግን ከደፉ ውጭ ነው። መንገዱ የማዘጋጃ ቤቱ ነው፤ ባሕሩ የማንም አይደለም። ስለዚህ አስራ አንድ ዓመት ሙሉ በየቀኑ አግዳሚው ላይ እቀመጣለሁ፤ ቢራ ቀጂዋ ጄኒ መስኮቱን ወደ ላይ ታነሳና ኩባያዬን ታቀብለኛለች። ዊኒ ባንኮው ጋ ቆማ ጀርባዋን ትሰጠኛለች። የምትለኝ ነገር ካላት ለጄኒ ነው የምትለው።

«ጄኒ፣ ለዚያ ሰውዬ ዝናብ እየመጣ ነው በዪው።»

«ጄኒ፣ ዝናቡን እያየሁት ነው በያት።»

ጄኒ ምንም አትልም። ሁለታችንም ሰምተናል፤ ምን ትበል?

እንግዲህ በኦገስት መስኮቱን የሚያነሳው ገመድ ከፍሬሙ ውስጥ ተበጠሰ። አሁን መስኮቱ አንድ ስንዝር ይነሳና ቀጥ ይላል። ኩባያው ካልተጋደመ በዚያ ቀዳዳ አያልፍም፤ ሲጋደም ደግሞ ሁለት ጣቱን የመስኮቱ ደፍ ይጠጣዋል። ለአስራ አንድ ዓመት ታማኝ ደንበኛ ይህ ይገባዋል?

ጄኒ የቤቱ ባለንብረት ለሆነው የቢራ ኩባንያ ጻፈች። ባለፈው ማክሰኞ ሹል ጫማ ያደረጉ ሁለት ሰዎች መጡ። ገመድ ይዘው ይሆናል ብዬ ስጠብቅ የያዙት ሜትር ነው። መስኮቱን ለኩ። ግድግዳውን ለኩ። እኔ የተቀመጥኩበትን አግዳሚ ሳይቀር ለኩ፤ «አባባ፣ እግርዎን ያንሱልን» አሉኝ። ከዚያ ፎቅ ወጥተው ዊኒ የምትተኛበትን ክፍል ለኩ። ገመዱን ሳይነኩ ሄዱ።

አንቺ የጠበቃ ቢሮ ነው የምትሠሪው። ገመድ ሊጠግን መጥቶ መኝታ ቤት የሚለካ ምን ዓይነት ሰው ነው?

የተበደለው አጎትሽ፣
ክሌም


ብሪስቶል፣ ሴፕቴምበር 10

ውድ አጎቴ፣

እንዳልከው ስለ ስልኩ ለእማዬ አልነገርኳትም። ስለ ጉልበትህ ግን አትዋሸኝ፤ ስትወድቅ ያየህ ሰው ነው የነገራት።

ደብዳቤህን ለአለቃዬ ለአቶ ሃልፔኒ አነበብኩለት። የጎደለው ቢራ ጋ ስደርስ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። መኝታ ቤቱ ጋ ስደርስ ሳቁን ተወው። «መኝታ ቤት የሚለካ ሰው ሊሸጥ ያሰበ ነው» አለኝ። ባሕር ዳር ያሉት የድሮ መጠጥ ቤቶች እንደዚያ እያለቁ ነው፤ ተሸንሽነው ለበጋ እንግዳ የሚከራዩ አፓርታማዎች ይሆናሉ።

አንድ መንገድ አለ። በአካባቢው የመራጮች መዝገብ ላይ ያሉ ሃያ አንድ ሰዎች ፈርመው «ይህ ቤት ለከተማችን ይጠቅማል» ብለው ለምክር ቤቱ ካመለከቱና ምክር ቤቱ ከተቀበለው፣ ኩባንያው በጥድፊያ መሸጥ አይችልም። ከተማው ተሰባስቦ ቤቱን ለመግዛት እንዲሞክር ስድስት ወር ይሰጠዋል። ቤቱን ያድነዋል ማለት አይደለም፤ ጊዜ ይገዛል። ቅጹን ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። «በመራጮች መዝገብ ላይ ያሉ» የሚለውን ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ። እባክህ አንብበው።

ዊኒስ ወዴት ትሄዳለች? ቤቷ እኮ ያ ፎቅ ነው።

ደግሞ አንድ ነገር። እማዬ፣ ዊኒ ያገደችህ በዓሣ ምክንያት ነው ትላለች። አጎቴ ሃሮልድ በስድብ ነው ይላል። እኔ አንተኑ እጠይቅሃለሁ።

ብራዮኒ


ሶልተርኔስ፣ ሴፕቴምበር 21

ብራዮኒዬ፣

መጀመሪያ የጠየቅሽኝን ልመልስ። ለነፍስ አድን ጀልባው መዋጮ የሚጣልበት ሣጥን ውስጥ ሸርጣን ከትቼ ነው የታገድኩት። ይኸው፤ ተናዘዝኩ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። የጠበቃሽ አፍ አይሳሳትም። ሐሙስ ዕለት የአንካሳዋ ወፍ በር ላይ ማስታወቂያ ለጠፉ፤ ከነሥዕሉ። ሥዕሉ ላይ ቤቱ በሙሉ መስታወት ሆኗል። ባንኮው የነበረበት ቦታ አልጋ ተዘርግቷል። በእኔ አግዳሚ ላይ አንድ ነጭ ሱሪ የለበሰ ወጣትና ሚስቱ ተቀምጠው ይስቃሉ፤ እግራቸው ሥር የማላውቀው ውሻ ተኝቷል። እኔ በዚያ አግዳሚ ላይ አርባ ዓመት የባሕር ዳር ወንበር ሳከራይ የደነደነ መቀመጫዬን አሳርፌ ስንት ክረምት አሳልፌያለሁ፤ እነሱ ገና ዝናብ አላዩም። ስሙንም አልተዉትም፤ «የወፏ መኖሪያ» ብለውታል። ከሁሉም ያንገበገበኝ ግን ከበሩ በላይ የሚሰቀለው የወፏ ምልክት ነው። ለወፏ ሁለተኛ እግር ሠርተውላታል። መቶ ዓመት በአንድ እግሯ ቆማ ያልወደቀችን ወፍ ማን እግር ጠየቃቸው?

ዊኒ ወዴት እንደምትሄድ ጠይቀሻል። ወደ እህቷ። እህቷ ያለችበት አገር ባሕር የለውም፤ ቤት ውስጥ ሻይና ቴሌቪዥን ብቻ ነው። ዊኒ በስልሳ ስምንት ዓመቷ በርሜል ብቻዋን የምታንከባልል ሴት ናት። እዚያ ሄዳ ምን ታንከባልል? ትራስ?

ፊርማ ማሰባሰብ ጀምሬያለሁ። አግዳሚዬ ላይ ተቀምጬ በአራት ቀን ስልሳ አራት ሰው አስፈርሜያለሁ፤ ከሊድስ ለሠርግ የመጡት እንግዶች ከነሙሽራዋ ፈርመዋል። አንቺ ሃያ አንድ ብለሽ እኔ ሦስት እጥፍ አመጣሁ።

ከጠየቅኳቸው እምቢ ያለችው ዊኒ ብቻ ናት። ወረቀቱን በመስኮት አሳለፍኩላት። መነጽሯን አድርጋ አየችው።

«ጄኒ፣ ከላይ የተጻፈው የማን ስም ነው?»

«የክሌም ነው።»

«ከዚያ ሰውዬ ስም በታች ስሜን አላስቀምጥም በዪው።»

«ጄኒ፣ እኔ ወደ ታች እወርዳለሁ በያት።»

«ጄኒ፣ እሱ ከዚህ በታች የሚወርድበት ቦታ የለም በዪው።»

ዶሚኖ የሚጫወቱት ሁሉ ጠረጴዛውን እየደበደቡ ሳቁ። እኔም ውጭ ሆኜ ሳቅኩ፤ አልዋሽም።

መስኮቱን ራሴ ጠገንኩት። የወጥ ቤቴን መስኮት ገመድ ፈትቼ፣ ዊኒ ዕቃ ለመግዛት ስትወጣ ጠብቄ፣ ከውጭ በኩል ሆኜ አሰርኩት። እግሬ ደፉን አልነካም፤ ጄኒ ምስክር ናት። አሁን የእኔ መስኮት በእጅ ካልተያዘ ይወድቃል፤ ግን በእኔ መስኮት ቢራ አይገባም።

አጎትሽ ክሌም


ሶልተርኔስ፣ ኦክቶበር 2

ብራዮኒ፣

ወረቀቱን መለሱት።

የምክር ቤቱ ጸሐፊ በጣም ጨዋ ልጅ ናት፤ ሰው በጨዋነት ሲሰደብ እንዴት እንደሚያቃጥል አታውቂም። «ከስልሳ አራቱ ፈራሚዎች አርባ ሦስቱ የአካባቢው ነዋሪዎች ሆነው አልተገኙም። አንደኛው ደግሞ፣ በመዝገባችን መሠረት፣ ከአስራ አንድ ዓመት በፊት አርፈዋል።» የቀረው ሃያ ነው። እስከ ኦክቶበር 18 አንድ ሰው ካልተጨመረ ፋይሉ ይዘጋል።

አንድ ሰው። በዚህ ከተማ አንድ ሰው ማግኘት ቀላል ይመስልሻል። ዓሣ ጠባሹ ኖሪስ ጋ ሄድኩ። እጁን በሽርጡ ጠረገና ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበው።

«ዊኒ የታለች?»

«እሷ ኋላ ትፈርማለች።»

«እንግዲያው እኔም ኋላ እፈርማለሁ። ቤቱ የእሷ፣ አልጋው የእሷ። እሷ ዝም ካለች እኔ ምን አግብቶኝ?»

ከኖሪስ ቀጥሎ ስምንት በር አንኳኳሁ። ስምንቱም «ዊኒ ፈረመች ወይ?» አሉኝ። እዚህ እንዲህ ነው። በዚያ ቤት ጠዋት ዊኒ ፎጣዋን ከቢራ መቅጃው ፓምፕ ላይ ሳታነሳ አንድም ሰው ቢራ አይጠይቅም፤ አሁን ደግሞ እሷ ብዕር ሳታነሳ አንድም ሰው አይፈርምም። የመጀመሪያዎቹ ሃያዎቹ የፈረሙት አጠገቧ ሳይሆኑ ስላገኘኋቸው ነው።

አውቃለሁ፣ ስለ ሟቹ ልትጠይቂኝ ነው። የዊኒን ባል ባሲልን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ለማታለል አይደለም። ኩባያው በመንጠቆው ላይ አፉን ደፍቶ ተሰቅሏል፤ ዶሚኖ ስንጀምር አሁንም «የባሲልን ወንበር ተዉ» እንላለን። በዚያ ቤት ከእሱ በላይ በየቀኑ የሚገኝ ሰው የለም። የቤቱን ሰዎች ስቆጥር እጄ ራሱ ጻፈው።

ይህ ለዊኒ ደረሰ። ማን እንደነገራት አልጠየቅኩም። ትናንት በሰዓቴ ሄጄ አግዳሚዬ ላይ ተቀመጥኩ። ጄኒ መስኮቱን ስታነሳ ዊኒ ራሷ መጣች፤ በአስራ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አየችኝ።

«የባሌን ስም ከአፍህም ከእጅህም አውጣ» አለችኝ። ለጄኒ አይደለም። ለእኔ ነው።

መስኮቱን አወረደችው። በገዛ ገመዴ ተዘጋብኝ።

ክሌም


ብሪስቶል፣ ኦክቶበር 6

አጎቴ፣

እናደድብሃለሁ ብዬ ሦስት ጊዜ ብዕር አንስቼ ሦስት ጊዜ አስቀመጥኩ። ሁለት ጊዜ ያሰመርኩበትን አላነበብከውም። የሞተ ሰው ስም መፈረም ቀልድ አይደለም፤ አቶ ሃልፔኒ ለጸሐፊዋ የይቅርታ ደብዳቤ እንድትጽፍ ይላል። ረቂቁን እኔ አዘጋጅቼልሃለሁ፤ አንተ ከጻፍከው ሌላ ይቅርታ ያስፈልጋል።

የሸርጣኑን ነገር ለእማዬ ነገርኳት። ሸርጣኑ ባሲል ከመሞቱ ከሁለት ዓመት በፊት ነው አለች፤ ዊኒም ያኔ ስቃ አብስላ በላችው። ስለዚህ ዋሽተኸኛል።

እማዬ የነገረችኝ ሌላም አለ። የታገድከው በባሲል ቀብር ዕለት ነው አለች። ከዚያ በላይ አልተናገረችም፤ ተነስታ ዕቃ ማጠብ ጀመረች።

አጎቴ፣ አሁን ይህች ሴት ቤቷን ልታጣ ነው፤ የጎደለው የእሷ አንድ ፊርማ ነው፤ የማትፈርመውም በአንተ ምክንያት ነው። ስለዚህ እውነቱ የአንተ ብቻ ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል። ምን አደረግክ?

ብራዮኒ


ሶልተርኔስ፣ ኦክቶበር 10

ለብራዮኒ፣

የይቅርታውን ደብዳቤ ፈርሜ ልኬዋለሁ። «በትሕትና» የሚለውን ሰርዤዋለሁ።

ያደረግኩት ይህ ነው። አንካሳዋ ወፍ ውስጥ ነባር ደንበኛ ሲሞት ኩባያው ይሞላና ባንኮው ላይ ይቀመጣል። እስከ መዝጊያ ሰዓት ማንም አይነካውም። ከዚያ ቤተሰቡ ወስዶ ባሕር ውስጥ ያፈሰዋል። ያን ኩባያ መንካት መቃብር ላይ ከመዝፈን አይተናነስም።

የባሲልን ኩባያ ዊኒ ሞላችው። ከዚያ ፊት ለፊቱ ባለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። እሱ ከሞተ ሦስት ቀን ሆኖት ነበር፤ በሦስቱ ቀን አልበላችም፣ አላለቀሰችም፣ ፓምፕ አልነካችም። ሰው «በርቺ» ሲላት ቀና ብላ እንኳ አታይም። ቤቱ ጢም ብሏል። እኔ ተነስቼ ሄድኩና የባሲልን ኩባያ አንስቼ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ እስከ ጭላጩ ጠጣሁት። ጢሜን ጠረግኩና «ሞቋል። ባሲል ድሮም በርሜል አቀዝቅዞ መያዝ አይችልም ነበር» አልኩ።

ዊኒ ተነሳች። ሦስት ቀን ያልበላች ሰው አልመሰለችም። በኮሌታዬ ይዛ እስከ ደፉ ጎተተችኝ፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ያልሰማሁትን ስድብ ሰደበችኝ። በማግስቱ ጠዋት በሰዓቱ ቤቱን ከፈተች። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ዘግታ አታውቅም።

ይህን እንዳደርግ የነገረኝ፣ ሆስፒታል ሳለ፣ ራሱ ባሲል ነው። ድምፁ አልቆ ነበር፤ ጆሮዬን አስጠግቼ ሰማሁት።

«ክሌም፣ ኩባያዬ ፊት ትቀመጣለች። ከተቀመጠች አትነሳም፤ እኔ አውቃታለሁ። ጠጣው።»

«ትገድለኛለች እኮ።»

«እሱን ነው የምልህ። ትናደድ። ሲያናድዷት ሥራ ትወዳለች።»

ደግሞ እንዳልነግራት አስማለኝ። ብትሰማ መሳቅ ትጀምራለች፣ ከሳቀች ታለቅሳለች፣ ካለቀሰች ትቀመጣለች አለ። የሚስቱን ነገር ከእኔ በላይ ያውቃል። አስራ አንድ ዓመት ልክ ነበር።

አሁን ወደዚያ ቤት ሄጄ «ያኔ የጠጣሁት ታዝዤ ነው» ልበላት? ፊርማዋን ለማግኘት ስል የሞተ ጓደኛዬን መሐላ ልሽጥ? ኩባንያው አንድ ቤት ቢሸጥ እኔ ደግሞ ይህን? አላደርገውም። አንቺም አታደርጊውም። ለማንም እንዳትናገሪ። ለእናትሽም። በተለይ ለዊኒ።

ክሌም


ብሪስቶል፣ ኦክቶበር 14

ውድ አጎቴ፣

እስካሁን ያልከኝን ሁሉ ደብቄልሃለሁ። ስልኩን ደብቄያለሁ። ባለፈው ገና የእማዬን ኮፍያ ማን ለውሻው እንዳለበሰ ደብቄያለሁ። ስለ ጉልበትህም ሐኪሙ ያለህን አውቃለሁ፤ እሱንም ደብቄያለሁ።

ለባሲል የማልከው አንተ ነህ። እኔ ለማንም አልማልኩም።

ዛሬ ሁለት ደብዳቤ ፖስታ ቤት አስገብቻለሁ። አንዱ ይህ ነው።

የፈለግከውን ያህል ተቆጣኝ። አንተም እንደ እሷ ስትቆጣ ደህና ትሆናለህ።

የምትወድህ፣
ብራዮኒ


ሶልተርኔስ፣ ኦክቶበር 17፣ ከሰዓት በኋላ

ለከዳተኛዋ የእህቴ ልጅ፣

እንደምን አለሽ አልልሽም። ደህና ከሆንሽ የማይገባሽ ነው።

አስራ አንድ ዓመት። አስራ አንድ ክረምት ከባሕሩ የሚመጣውን ንፋስ በጆሮዬ ተቀብያለሁ። አንገቴ ላይ በረዶ ተቀምጦ ቢራ ጠጥቻለሁ። የከተማው ልጆች «አያ መስኮት» እያሉኝ አድገዋል፤ አሁን የራሳቸውን ልጆች እያመጡ ያሳዩኛል። ይህን ሁሉ አንዲት ቃል ሳልተነፍስ የተሸከምኩትን፣ አንቺ በአንድ ቴምብር ናድሽው። የጠበቃ ቢሮ ያስተማረሽ ይህንን ነው? እናትሽ ምስጢር ጠባቂ እንዳልሆነች አውቄ ነበር አንቺን የመረጥኩት፤ ለካ የባሰችው ታናሺቱ ናት።

ደግሞ ምን አተረፍሽ? የአንቺ ደብዳቤ ትናንት ጠዋት ደረሰኝ፤ የእሷም በዚያው ሰዓት ደርሷታል፤ ፖስተኛው አንድ ነው። ትናንት በሰዓቴ ሄድኩ። መስኮቱ ዝግ። ዛሬም ሄድኩ። ዝግ ብቻ አይደለም፤ በሩም ተዘግቷል። በአስራ አንድ ዓመት ያልተዘጋ በር። ጄኒ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። «ትናንት ደብዳቤ አንብባ ሳቀች፤ ከዚያ ፎቅ ወጣች፤ አልወረደችም» አለችኝ። ይኸው። ባሲል እንዳለው ሆነ። ተቀመጠች። ነገ ፋይሉ ይዘጋል፤ ባለ ነጭ ሱሪው ከነውሻው ይገባል፤ ወፏ ሁለተኛ እግሯን ታበቅላለች። እኔ የምናደደው በኩባንያው ይሁን፣ በአንቺ ይሁን፣ ወይስ ሞቶ ሳለ እንኳ ትክክል በሆነው በባሲል —

በሩ ተንኳኳ።

ሃሮልድ ይሆናል ብዬ አልተነሳሁም። እንደገና ተንኳኳ። ማነው ብል መልስ የለም። በወጥ ቤቱ መስኮት አሻግሬ አየሁ።

ዊኒ ናት። በጥቁሩ ካፖርቷ፤ ለቀብር የለበሰችው ነው። ብቻዋን ናት። በሁለት እጇ የባሲልን ኩባያ ይዛለች፤ ከላዩ ዝናብ እንዳይገባበት የሻይ ማስቀመጫ ሰሃን ተደፍቶበታል። አረፋው በሰሃኑ ዙሪያ ይታያል። እስከ አፉ ሞልታዋለች፤ ከአንካሳዋ ወፍ እስከዚህ ዳገት ነው፤ አንድ ጠብታ አላፈሰሰችም።

በሩን ከፈትኩላት። ደፉ ጋ ቆመች።

«ግቢ» አልኳት።

«አልገባም።»

«ዊኒ፣ እየዘነበ ነው።»

«እያየሁት ነው። እኔ ያንተን ደፍ አልረግጥም። ወረቀቱን በመስኮት አምጣው። ብዕርም አምጣ፤ ሁለቱም እጄ ስለተያዘ አልያዝኩም።»

ከዚያ ቤቱን ዞራ መስኮቱ ጋ ሄደች። አሁን እዚያ ቆማለች፤ ይህን ስጽፍ በመስታወቱ ታየኛለች። ዓይኗ ቀልቷል፤ ግን ቆማለች። አልተቀመጠችም። አስራ አንድ ዓመት እኔን በዝናብ ካስጠበቀችኝ፣ እኔ ሁለት መስመር ባስጠብቃት ፍርድ አይጓደልም።

መስታወቱን በክርኗ አንኳኳች። «ጄኒ ብትኖር፣ ለዚያ ሰውዬ ሊሞቅ ነው በዪው እላት ነበር» አለች።

ገመድ የለውም ብዬሽ ነበር፤ ይህ መስኮት በአንድ እጅ ካልተያዘ ይወድቃል። በሌላው እጄ ኩባያውን ልቀበላት ነው። ስለዚህ ይህን የምጽፍበትን ብዕር ለእሷ —